ጀርባውን የሰጠው ቁልፍ ሠሪ

ድመቶቹ ስንት ነበሩ በሚለው ጥያቄ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ፖስተኛው ሦስት መቶ ናቸው ይላል። ዳቦ ሻጩ ደግሞ የለም፣ አምስት መቶ ናቸው፣ ከነሱም ሁለቱ በየጠዋቱ ተሰልፈው ዳቦ ይገዙ ነበር ብሎ ይምላል። እውነቱ አርባ ሰባት ነው። እውነት እንዲህ ናት፤ ወሬ አጠገብ ስትቆም ሁልጊዜ ታጥራለች።

አርባ ሰባትም ቢሆን ታዲያ ቀልድ አይደለም። ቤቱ ባለ ትልቁ የብረት በር ቤት፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ባላቸው በሞቱ ዓመት ለብቸኝነት ብለው ሁለት ድመት አስገቡ። ሁለቱ ስድስት ሆኑ፣ ስድስቱ ማንንም ሳያማክሩ ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ከሳቸው በቀር የቆጠረ የለም። ልጃቸው፣ የመድኃኒት ቤቷ ፋርማሲስት፣ እናቷን ከሰው አፍ ለማዳን ያንን በር አሥራ አንድ ዓመት ቆለፈች። ዘመድ አልገባም። ጓደኛ አልመጣም። ሊያጫት የከጀለ ሁሉ ከብረቱ በር መለስ ብሎ ቀረ። በመጨረሻ ቁልፉ ራሱ መረረው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ጥርሱን ነክሶ አልከፈት አለ፤ ልጅቷ ውጭ፣ እናትየው ከነድመቶቻቸው ውስጥ ቀሩ። ቁልፍ ሠሪው የተጠራው ያን ቀን ነው።

ቁልፍ ሠሪው ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ የቀረውን በአፉ የሞላ ሰው ነው። የመርከብ ጓጉንቸር በትንፋሹ እንደከፈተ ይናገራል። አንዱ ቁልፍማ በጣም ከመዛጉ የተነሣ ሲከፈት የአምናው ንፋስ ወጣ፣ ይላል። ያን ቀን ግን በሩን ከፍቶ ወሬ አጣ። የድመት ሽንት ሽታ እንደ ጥፊ ፊቱን አጮለው። ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እንባውን ጠርጎ ሲመለስ፣ ቀድማው የገባችው ልጅ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ቆማለች። ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ መውጫውን በዐይኗ ትለካለች። “ከዚህ ሁሉ ድመት ይበልጥ የፈራችው እሷ ናት” አለ በልቡ። ይህን ብሎ ሲጨርስ ልቡ ከሱ ጋር አልነበረም።

ዘጠኝ ድመት ወደ አንድ ክፍል ቤቱ ያስገባውም ያው የሄደ ልብ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ የተጠራችው የእንስሳት ሐኪም የታመሙትን ወሰደች፣ ሁሉንም አመከነች፣ የለመዱትን ለየሰዉ አከፋፈለች። ዘጠኙ ግን ቁም ሣጥን ሥር ተወልደው ቁም ሣጥን ሥር ያደጉ፣ የሰው እጅ የማያውቁ ነበሩ። ማንም አልፈለጋቸውም።

“እስኪገሩ ድረስ እኔ ጋ ይክረሙ” አለ ቁልፍ ሠሪው።

“ድመት አላምደህ ታውቃለህ?” አለችው ሐኪሟ።

“አንበሳ አላምጃለሁ።”

አንበሳ ያየው በክብሪት ሣጥን ላይ ነው።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣለት። ፋርማሲስቷ ናት የጻፈችው፤ እጅ ጽሑፏ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ የጠራ ነው። “ለቁልፍ ሠሪው” ይላል። “አንደኛ፣ ዐይን ዐይናቸውን አይዩ፤ ለነሱ ትኩር ብሎ ማየት ጠብ ነው። ሁለተኛ፣ ሲመጡ አይነሡ። ሦስተኛ፣ ጀርባዎን ሰጥተው መሬት ይቀመጡ። አራተኛ፣ ቀድመው እጅዎን አይዘርጉ። አምስተኛ፣ ድምፅዎን እንዲለምዱት ያንብቡላቸው ወይም ያውሩላቸው። ስድስተኛ፣ መውጫቸውን አይዝጉ፤ መውጫውን ያየ አይሸሽም። ሰባተኛ፣ አይቸኩሉ። የፈራ በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣ።”

ቁልፍ ሠሪው በቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ስላልነበረው ይህንኑ ደብዳቤ አነበበላቸው። ከዚያ ቀጥለው የመጡትንም አነበበላቸው፤ የትኛዋ ዓሣ እንደምትወድ፣ የትኛው ጆሮው እንደሚያመው። ሲያልቅበት ስለ መርከቡ ጓጉንቸር ነገራቸው። ቀን ሱቁ ውስጥ ሞረድ ሲገፋ ይውላል፣ ሲመሽ መሬት ላይ ተቀምጦ ለግድግዳ ያወራል። ክንዱ ተቧጭሮ ካርታ መሰለ። ጉልበቱ ሲነሣ ይንቋቋል። ሻዩ ውስጥ ፀጉር፣ አልጋው ላይ ፀጉር፣ አንድ ቀን ለደንበኛ የሠራው ቁልፍ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ፀጉር ተገኘ። ከእንቅልፉ ደክሞት ይነሣል፣ ደክሞት ይተኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ፋርማሲስቷ ድመቶቹን ልትጠይቅ ትመጣለች።

እንግዲህ የቁልፍ ሠሪው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የፈራን ማላመጃ ሕጉ እጁ ላይ ነበረ፤ የፈራችዋ ደግሞ በሩ ላይ። ስለዚህ ያንኑ ሕግ ለሷም አዋለው። ስትገባ አይነሣም። ዐይኗን አያይም። ጀርባውን እንደሰጠ ለግድግዳው ያወራል። በመጀመሪያው ሐሙስ ደጃፉ ላይ ቆማ ሄደች። በአምስተኛው በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በአሥራ አምስተኛው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ ከሱ አንድ ክንድ ከስንዝር ርቃ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ሊያያት አንገቱ እየጎተተው ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። “እየለመደችኝ ነው” አለ ያን ምሽት ለድመቶቹ፤ ደስታው ከድካሙ ጋር ተጋፍቶ እንቅልፍ ነሣው።

*

አሥራ ስድስተኛው ሐሙስ ሲደርስ ከዘጠኙ ስምንቱ ሰው ወዷቸው ሄደዋል። የቀረችው አልጋ ሥር የምትኖር አመድማ ድመት ናት። በአተያይዋ የተነሣ “ግልምጫ” ብሎ ሰይሟታል።

በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

“ክፍት ነው” አለ ለግድግዳው።

ገባች። የመድኃኒት ቤት ሽታ፣ የሳሙና ሽታ፣ ከዚያም በላይ የድካም ዝምታ አብሯት ገባ። ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠችም። በርጩማው ላይም አልተቀመጠችም።

“እንዴት ሰነበታችሁ” አለች።

“ግልምጫ ትናንት ከእጄ ዓሣ በላች” አለ። “ዓሣው ሲያልቅ ጣቴንም ቀመሰችው። ጨው ያንሰዋል መሰለኝ ተወችው።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

“ቤቱ ተሸጠ” አለች። “ወንድም ጋሼ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴን ወደሱ ከተማ ይወስዳታል። እኔንም።”

ቁልፍ ሠሪው ውስጡ እንደ ተሰበረ ቁልፍ ቀጭ አለ። ሊዞር ነበር። አንገቱ ግማሽ መንገድ ሄደ። ግን አሥራ ስድስት ሳምንት የያዘው ሕግ አንገቱን ይዞ መለሰው፤ የደነገጠን አታሳድድ፣ መውጫውን አትዝጋ። የመሣሪያ ሣጥኑ በሩን በግማሽ ዘግቶ ተቀምጧል። እሷ መውጫውን እንድታይ፣ አይታም እንድትረጋጋ ብሎ፣ ሳይዞር ሣጥኑን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።

ሣጥኑ ሲሚንቶውን እየፋቀ ሄደ። ድምፁ ረጅም ነበር።

“ገባኝ” አለች ፋርማሲስቷ በቀስታ። “መንገድ ባይጠርጉልኝም እሄድ ነበር።”

ወረቀት በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ሰማ። ጫማዋ ደረጃውን ሲወርድ ሰማ። ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ፤ መውጫውን ያየ አይሸሽም ይላል ሕጉ። ግልምጫ ከአልጋው ሥር ወጥታ በሩን አየች፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ገባች። በዚያች ክፍል ውስጥ እንደዚያን ቀን ባዶነት ቦታ ይዞ አያውቅም።

*

ቁልፍ ሠሪው በልቡ ማንበብ አይችልም፤ ጮክ ካላለ ፊደሉ አይታዘዘውም። ስለዚህ ደብዳቤውን ሦስት ፍጥረት ሰማው፦ እሱ፣ ግልምጫ፣ እና ከኮምፖንሳቶው ግድግዳ ማዶ ልብስ የሚያጥፉት አከራዩ እትዬ።

“ለቁልፍ ሠሪው። ስለ ድመት ያልሆነ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ይህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው እንዳያየን በር ስቆልፍ ኖርኩ። እርስዎ ከፈቱት፣ አዩንና ፊትዎን አዞሩ። አልፈርድብዎትም፤ ሽታው ከልብሴ ላይ አልወጣ ብሎኝ እኔም ራሴን የማልጠጋበት ጊዜ አለ። ግን አሥራ ስድስት ሐሙስ መጣሁ፤ አንዴ ዞረው ያዩኝ እንደሆነ ብዬ። ቢያዩኝ ኖሮ ለወንድሜ እምቢ የምልበት ምክንያት ይኖረኝ ነበር። ወንድሜ፣ በር ከፋች በር ላይ ነው የሚቀረው ይላል። እኔ እንዲያ አላልኩም። በር ላይ ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ግልምጫን ለማንም አይስጧት። እሷ ለምዳዎታለች።”

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው።

እትዬ ሳያንኳኩ ገቡ፤ የታጠፈ አንሶላ ታቅፈዋል።

“አንተ ልጅ፣ ምንድነው ያደረግከው?”

“ያዘዘችኝን ነው ያደረግኩት እትዬ።”

“ምን አዘዘችህ?”

የመጀመሪያውን ደብዳቤ አነበበላቸው፣ ከአንድ እስከ ሰባት። እትዬ አንሶላቸውን አልጋው ላይ ጣሉና ተቀመጡ።

“ዝም አይነቅዝም ይላሉ” አሉ። “ያንተ ነቅዟል ልጄ። ዱቄት ሆኗል። የሰው ልጅ ከኋላው ነው እንዴ የሚታወቀው? እኔ ባሌን አርባ ዓመት ሳይ ኖሬ እንኳን ገና አላወቅኩትም።”

“ፈርታ ነበር እኮ እትዬ።”

“አንተስ?”

የመርከብ ጓጉንቸር የከፈተ አፍ ለዚህ ቁልፍ አጣ። ድካም ከእግሩ ተነሥቶ እስከ ትከሻው ሞላው፤ የአራት ወሩ ድካም ሁሉ ምን ለመሸሽ እንደነበረ የዚያን ጊዜ ገባው፣ አፈረም።

*

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከብረቱ በር ፊት መኪና ቆሞ ሻንጣ ይጫንበታል። ወንድምየው መሐንዲስ ነው፤ እንደ ቤት ፕላን ቀጥ ያለ ሰው።

“ቁልፍ አልጠራንም” አለ።

“አልተጠራሁም። መጣሁ።”

“ለምን?”

ቁልፍ ሠሪው መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበረው። ጠፋው። መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ዳይሬክተር መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

“አንተ ነህ በሬን የሰበርከው?”

“አልሰበርኩም እመይቴ። ከፈትኩ።”

“ለኔ አንድ ነው።” አሮጌ እጃቸው ባዶ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ የሚዳብሰው ነገር ፈልጎ ቀሚሱን ይዳብሳል። “ያቺ አመድማዋስ? ቁም ሣጥን ሥር የነበረችው?”

“ከእጄ በላች እመይቴ። ማታ እግሬ ላይ ተኛች።”

“ከኔ እጅ በልታ አታውቅም” አሉ ዳይሬክተር። ዐይናቸው ርቆ ሄደ፣ ተመለሰ። “ብዙ ነበሩ። ሁሉንም መውደድ አልቻልኩም፤ የቻልኩ ይመስለኝ ነበር።” ከዚያ ድምፃቸው የትምህርት ቤቱን ግቢ አስታወሰ። “ልጄ፣ አሳልፈው።”

መሐንዲሱ ኀምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አሳለፈው።

ቤቱ ባዶ ነበር፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። ፋርማሲስቷ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ተንበርክካ፣ ከአሁን ወዲያ የማትኖርበትን ወለል ትወለውላለች። ሲገባ ቀና አለች።

“ምን ረሱ?” አለች።

አያት። ትኩር ብሎ፣ ፊት ለፊት። ከባድ ነበር፤ አራት ወር ግድግዳ የለመደ ዐይን እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። ከዐይኖቿ ሥር ጥቁር ጥላ፣ ጆሮዋ አጠገብ ሦስት ነጭ ፀጉር፣ አገጯ ላይ የቆየ የጥፍር ጭረት። በረኪና ያላጠው ጣቷን ከጨርቁ ሥር ደበቀችው። አሥራ ስድስት ሐሙስ ይህ ሁሉ አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ ነበረ።

“አይዩኝ” አለች። “ዛሬ አይሁን። ዛሬ ሰው የሚያየው ነገር የለኝም።”

“ከዛሬ በቀር ቀን የለኝም” አለ። መሬቱ ላይ፣ እርጥቡ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። “የመጀመሪያ ቀን ፊቴን ያዞርኩት ዐይኔ ስላለቀሰ ነው። ሽታው ነው ያስለቀሰኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ አንቺን አየሁና ሽታው ጠፋ።”

“ይሄም ከተረቶችህ ነው።”

“እሺ፣ አልጠፋም። ግን ረሳሁት።”

ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ጥጉ የታኘከ፣ መሐሉ በዓሣ ዘይት የወዛ። ሳያየው ነው ያነበበው። “ዐይን ዐይናቸውን አይዩ። ሲመጡ አይነሡ። ጀርባዎን ሰጥተው መሬት ይቀመጡ።”

“ይህን እኮ ለድመት ነው የጻፍኩት።”

“እኔ ምን ላውቅ። ከዚያ በፊት ሴት ደብዳቤ ጽፋልኝ አታውቅም። የመጣልኝን ሕግ ያዝኩ።”

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። “ሣጥኑስ? በእግርህ የገፋኸው?”

“ስድስተኛው” አለ። “መውጫቸውን አይዝጉ።”

ፋርማሲስቷ ሳቅ ጀመራት። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር አለና፣ ለሁለቱም ጉልበት አጥቶ ቆመ። በክንዷ ፊቷን ጠረገች።

“እና እኔ ድመት መሰልኩህ?”

“የፈራሽ መሰልሽኝ። ግን እሱም ግማሹ ነው።” ውሸት ሲያወራ ምላሱ እንደ ዘይት ነበር፤ ይህኛው እየቧጨረው ወጣ። “ጀርባውን የሰጠ ሰው ፊቱ አይታይም። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህ በር የገባሁት ስለተበላሸ ነው። ዞሬ ባይሽ፣ አንቺም ታይኛለሽ። ሕግሽ ለፍርሃቴ ተመቸው። ያንቺን ፍርሃት ሳስታምም መስሎኝ የራሴን ነው ስቀልብ የኖርኩት።”

ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም አድርጎ።

“ምን ትለኛለህ እንግዲህ?” አለች። “ቶሎ በለኝ። በጣም ደክሞኛል፤ የተጠማዘዘ ነገር የምፈታበት ጉልበት የለኝም።”

“አትሂጂ” አለ። “አንድ ክፍል ነው ያለኝ። ፀጉር በፀጉር ነው። እኔም ደክሞኛል። ግን አትሂጂ።”

አየችው። እሱም አልሸሸም፤ ፊቱ እንደ እሳት ሲነድ ታገሠ። መታየት ይህን ያህል እንደሚያም፣ ሲያምም ይህን ያህል እንደሚያሳርፍ ማን ነግሮት ያውቅ ነበር።

*

“ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልሄድም” አለች፣ ከብረቱ በር አጠገብ።

መሐንዲሱ የመኪናውን ቁልፍ ከጣት ጣት አዘዋወረ። “እናታችንስ?”

“አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነበርኩ። አሁን አንተ ነህ። የጠዋቱ መድኃኒቷ ከቁርስ በኋላ ነው፣ የማታው ከመተኛቷ በፊት፤ ሁሉንም ጽፌልሃለሁ። ሌሊት ትነሣለች። ስትነሣ አትቆጣት፣ አብረሃት ተቀመጥ።”

“ለዚህ ሰው ብለሽ?”

“ለሱ ብዬ ብቻ አይደለም። ስለደከመኝ ነው። ልብሴን ስለውጥ፣ ሽቶ ስቀባ፣ በር ስቆልፍ ደከመኝ። እሱ የተደበቅኩበትን ሁሉ አይቶ፣ አትሂጂ አለኝ። አንተ ግን በዓመት አንዴ ስትደውል ምን አየህ?”

መሐንዲሱ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሲበርድ ከሥሩ የወጣው እፍረት ነበር፤ እሱንም እንደ ሻንጣ አንሥቶ ከኋላ ጫነው።

ዳይሬክተር እጃቸውን በመስኮቱ አወጡ። ልጃቸው ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሰጠቻቸው።

“አርባ ሰባቱን ቆጥሬ ስመግብ” አሉ፣ “አንቺን ሳልቆጥር ኖርኩ።”

“እማዬ፣ ተይው አሁን።”

“አልተውም። መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ። እሱንም ይዘሽው ነይ፤ በር ላይ አላቆመውም።” ከዚያ ወደ ቁልፍ ሠሪው አዩና በድሮው ድምፃቸው፣ “ቀጥ ብለህ ቁም” አሉት። ቀጥ አለ።

መኪናው ሄደ። መንገዱ ጸጥ ሲል ፋርማሲስቷ የደጁ ደረጃ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ቁልፍ ሠሪው አጠገቧ ተቀመጠ። በመሐላቸው ክንድም ስንዝርም አልነበረም።

“የማወራው ነገር አለኝ” አለችው። “ብዙ ነው።”

“አለኝ እኔም።”

“ትንሽ ቆይተን” አለች፤ ትከሻው ላይ ጋደም አለችና፣ ቀጣዩን ቃል ሳትጀምር እንቅልፍ ወሰዳት።

ረፋድ ነበር፤ ፀሐዩ ደረጃው ላይ ደርሷል፣ አላፊ አግዳሚው ያያል። ፖስተኛው አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ የሚያበዛውን ወሬ ይዞ ሄደ። ቁልፍ ሠሪው አልተንቀሳቀሰም። በመጀመሪያ ክንዱ ደነዘዘ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጎኑ በሙሉ። የአሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ ሲጣልበት የሰው ጭንቅላት እንዲህ ይከብዳል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ክብደቱም እንዲህ ደስ ይላል ብሎ።